ደረጃ 3 ማለት ምን ማለት ነው?

በሲያትል በተደረገ የወላጆች ስብሰባ ላይ ከቀረበ ንግግር የተጻፈ

እንደምን አመሻችሁ። ቅዳሜ ማታ ከሥራ ወጥቶ፣ ልጅ ይዞ እዚህ መምጣት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ልጆቹ ታች ባለው ክፍል እየተጫወቱ ነው። ዛሬ የምናወራው ለእነሱ ጆሮ አይሆንም።

ይህ ስብሰባ የተጠራው በአንድ ፎቶ ምክንያት ነው። አብዛኞቻችሁ አይታችሁታል። በወሲብ ወንጀል የተፈረደባቸው ሰዎች ከሚዘረዘሩበት የሸሪፍ ቢሮ ድረ ገጽ የተወሰደ የአንድ ሰው ፎቶ ነው፤ ከሥሩ «ደረጃ 3» ይላል። አንዲት እናት አየችው፣ ደነገጠች፣ በወላጆች ግሩፓችን ላይ ለጠፈችው። እስኪነጋ ድረስ ከመቶ በላይ መልእክት ተጻፈ። ቤቱን አውቀዋለሁ ያለ ሰው ነበር። ሄደን እናስወጣው ያለም ነበር።

ጠዋት አንዲት እህት ደወለችልኝ። ድምጿ ይንቀጠቀጣል። «ሦስት ማለት ሦስት ልጅ ደፍሯል ማለት ነው?» አለችኝ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ አንድ አባት ደወለ። እሱ ዝርዝሩን በሙሉ አገላብጦ አይቶታል። «በእኛ ሰፈር ያለው ደረጃ 2 ነው። እሱ እንኳን ቀላል ነው፣ አይደል?» አለኝ።

ሁለቱም ጥያቄዎች ከልጅ ፍቅር የመጡ ናቸው። ግን ሁለቱም ሰዎች ቁጥሩን የተረዱት በተሳሳተ መንገድ ነው። እኔ ለብዙ ዓመት በፍርድ ቤት አስተርጓሚነት ሠርቻለሁ። ቁጥሩን በዚህ መንገድ የሚረዱ ሰዎችን በተደጋጋሚ አይቻለሁ፤ እንግሊዝኛ አሳምረው የሚናገሩትም ሳይቀሩ። ስለዚህ ዛሬ ይህ ቁጥር ከየት እንደሚመጣ ልንገራችሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው እዚሁ እኛ ግዛት ውስጥ ነው። በ1989 ታኮማ ላይ በአንድ የ7 ዓመት ልጅ ላይ ለመናገር የሚከብድ ግፍ ተፈጸመ። ጥቃቱን ያደረሰው ሰው ረጅም የወንጀል ታሪክ ያለው ነበር። እስር ቤት ሳለም ሲወጣ ልጆችን ለመጉዳት እንዳሰበ ተናግሯል። ባለሥልጣኖቹ ይህን ያውቁ ነበር። ግን የእስራት ጊዜው አልቋል፤ የሚያቆየው ሕግ አልነበረም። ሰፈሩም ማን እንደመጣበት አያውቅም። ሕዝቡ በቁጣ ወጣ። በ1990 የዋሽንግተን ግዛት የማኅበረሰብ ጥበቃ ሕግ የሚባለውን አወጣ። ፖሊስ ለሕዝብ «እንዲህ ያለ ሰው ወደ ሰፈራችሁ እየመጣ ነው» ብሎ እንዲያሳውቅ የፈቀደ በአገሪቱ የመጀመሪያው ሕግ ነው።

በዚያው በ1989 በሚኒሶታ ጄኮብ ዌተርሊንግ የሚባል የ11 ዓመት ልጅ ብስክሌቱን እየነዳ ወደ ቤቱ ሲመለስ ጭምብል ባጠለቀ ሰው ተወሰደ። በ1994 በእሱ ስም የፌዴራል ሕግ ወጣ፤ ግዛቶች ሁሉ እንዲህ ያለ ወንጀል የፈጸሙ ሰዎችን መዝገብ እንዲይዙ የሚያስገድድ። በዚያው ዓመት ኒው ጀርሲ ውስጥ ሜገን ካንካ የምትባል የ7 ዓመት ልጅ ተገደለች። ገዳዩ ከመንገድ ማዶ የሚኖር ጎረቤት ነበር። ከዚያ በፊት በሕፃናት ላይ በፈጸመው ወንጀል ተፈርዶበት ያውቃል፤ ወላጆቿ ግን አያውቁም። በ1996 ሜገንስ ሎው የሚባለው የፌዴራል ሕግ መዝገቡ ለሕዝብ እንዲገለጽ አደረገ።

እነዚህን ልጆች በስማቸው የማነሳው በምክንያት ነው። ከዚህ መዝገብ ጀርባ ልጃቸውን ያጡ ወላጆች አሉ። መዝገቡ ጉድለት አለው ስል እነሱን እየነቀፍኩ አይደለም። የጄኮብ እናት ፓቲ ዌተርሊንግ ለሕጉ መውጣት የታገለች ሴት ናት። በኋላ ግን መዝገቡ እሷ ካሰበችው በላይ መስፋቱን ራሷ በአደባባይ ጠይቃለች። ልጇን የገደለው ሰው ደግሞ 27 ዓመት ሙሉ በዚህ ወንጀል ሳይጠየቅ ኖሯል። የጄኮብ አስከሬን የተገኘው በ2016 ነው። ሰውየው የሚኖረው በአቅራቢያው ባለ ከተማ ነበር።

አሁን ወደ ቁጥሩ።

በዋሽንግተን ግዛት ሦስት ደረጃ አለ። ደረጃ 1 ዝቅተኛ፣ ደረጃ 2 መካከለኛ፣ ደረጃ 3 ከፍተኛ ነው። ምኑ ነው ዝቅተኛና ከፍተኛ የሚባለው? የወንጀሉ ክብደት አይደለም። የተጎጂዎቹ ብዛትም አይደለም። ሕጉ የሚለው ይህ ሰው በውጭ ባለው ሰፊ ኅብረተሰብ ውስጥ እንደገና የወሲብ ወንጀል የመፈጸም ዕድሉ ምን ያህል ነው ነው። «በሰፊው ኅብረተሰብ ውስጥ» የምትለውን ቃል ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

አንድ ሰው ከግዛቱ እስር ቤት ሊወጣ ሲል ጉዳዩ ለአንድ ኮሚቴ ይቀርባል። ኮሚቴው መዝገቡን ያያል፤ ክሱን፣ የፖሊስ ሪፖርቱን፣ እስር ቤት ውስጥ የነበረውን ሁኔታ። ከዚያ ደረጃ ያቀርባል። የመጨረሻውን ደረጃ የሚሰጠው ግን ሰውየው የሚኖርበት አካባቢ ሸሪፍ ወይም ፖሊስ ነው። ኮሚቴው ካቀረበው የተለየ ደረጃ ከሰጠ ምክንያቱን መጻፍ አለበት። ዳኛው አይደለም ደረጃውን የሚሰጠው። ብዙ ሰው ዳኛው ይመስለዋል።

ኮሚቴው ከሚጠቀምባቸው መሣሪያዎች አንዱ ስታቲክ-99አር ይባላል። ዋሽንግተንን ጨምሮ በብዙ ቦታ ይሠራበታል። ስሙ አያስፈራችሁ፤ አሥር ጥያቄ ነው። ሲፈታ ዕድሜው ስንት ነው? ከፍቅር ጓደኛ ወይም ከሚስት ጋር ቢያንስ ሁለት ዓመት አብሮ ኖሯል? አሁን በተፈረደበት ጉዳይ ከወሲብ ውጭ የሆነ የኃይል ወንጀል አለበት? ከዚህ በፊትስ? ከዚህ በፊት በወሲብ ወንጀል ተከሷል ወይም ተፈርዶበታል? በጠቅላላው ስንት ጊዜ ተፈርዶበታል? ሰውን ሳይነካ የፈጸመው የወሲብ ወንጀል አለ? ከተጎጂዎቹ ውስጥ ዘመዱ ያልሆነ አለ? ጭራሽ የማያውቀው ሰው አለ? ወንድ ተጎጂ አለ? ለየመልሱ ነጥብ ይሰጣል። ነጥቦቹ ይደመራሉ። ትንሹ ከዜሮ በታች 3 ነው፤ ትልቁ 12። 6 ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው ከፍተኛው ክፍል ውስጥ ይገባል።

ጥያቄዎቹ ውስጥ ምን እንደሌለ አስተውላችኋል? ተጎጂው ምን ያህል ተጎዳ የሚል የለም። ስንት ዓመት ተፈረደበት የሚል የለም። ተጸጽቷል ወይ የሚልም የለም።

በምሳሌ ላስረዳ። ሰዎቹን እኔ ነኝ የፈጠርኳቸው፤ ነጥቡ ግን የመሣሪያው ነው።

የመጀመሪያው የ24 ዓመት ወጣት ነው። አውቶቡስ ውስጥ የማያውቃትን ሴት በግድ ነካካ። ከዚህ በፊትም በተመሳሳይ ወንጀል አንድ ጊዜ ተፈርዶበታል። በድብድብም ተፈርዶበት ያውቃል። ከሴት ጋር አብሮ ኖሮ አያውቅም። እንቁጠር። በዕድሜው 1። አብሮ ባለመኖሩ 1። ለድብድቡ 1። ለቀደመው የወሲብ ወንጀል 1። ተጎጂዋ ዘመዱ ስላልሆነች 1። ስለማያውቃት ሌላ 1። ጠቅላላ 6። ከፍተኛው ክፍል።

ሁለተኛው ባለትዳር የነበረ አባት ነው። የገዛ ልጁን ለዓመታት ደፍሯል። ሌላ ወንጀል የለበትም። ረጅም እስራት ጨርሶ ሲፈታ 62 ዓመቱ ነው። ዕድሜው 60 ስላለፈ 3 ነጥብ ይቀነስለታል። ባለትዳር ስለነበረ ዜሮ። ተጎጂዋ ልጁ ስለሆነች ዜሮ። የሚያውቃት ስለሆነ ዜሮ። ሌላውም ሁሉ ዜሮ። ጠቅላላ ከዜሮ በታች 3። ከዚህ የሚወርድ ነጥብ የለም።

ዝምታችሁ ገብቶኛል። እኔም መጀመሪያ ስሰማው እንዲሁ ነው የሆንኩት። የትኛዋ ሴት ሕይወቷ ይበልጥ እንደተሰበረ ሁላችንም እናውቃለን። ቁጥሩ ግን የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው።

መሣሪያው ተሳስቷል ማለት ግን አይደለም። እሱ የሚጠየቀው ሌላ ጥያቄ ነው። ከዚህ ሰው ጋር በመንገድ፣ በአውቶቡስ፣ በፓርክ የሚገናኝ ሰው ለአደጋ ተጋልጧል ወይ? በዚህ ጥያቄ ከሄድን ወጣቱ ከሽማግሌው ይበልጣል። ያቺን «በሰፊው ኅብረተሰብ ውስጥ» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ ያልኩት ለዚህ ነው። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ይባል የለ? ይህ መሣሪያ የሚያየው በውጭ ያለውን ነው። በእርግጥ ኮሚቴው በነጥብ ብቻ አይወስንም፤ ሌላ ምክንያት ካየ ደረጃውን ከፍ ወይም ዝቅ ሊያደርግ ይችላል። ፍርድ ቤትም ያንን አባት ከልጆች እንዲርቅ ሊያዘው ይችላል። ግን «ደረጃ 1 ስለሆነ ልጄን ብተውለት ችግር የለም» የሚል ሰው ካለ፣ በእግዚአብሔር ስም፣ እንዲህ አታድርጉ።

መሣሪያው ምን ያህል ይታመናል ካላችሁ ደግሞ፣ መካከለኛ ነው። አንድ ወንጀሉን የደገመ ሰውና አንድ ያልደገመ ሰው ጎን ለጎን ብታስቀምጡለት፣ ለደገመው ከፍ ያለ ነጥብ የሚሰጠው ከአሥር ሰባት ጊዜ ያህል ነው። በግምት ከመሄድ በጣም ይሻላል። ግን ትንቢት አይደለም።

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ዘመድ ያላችሁ ይህን አስተውሉ። በ2006 አዳም ዋልሽ አክት የሚባል የፌዴራል ሕግ ወጥቷል። በዚህ ሕግ ቲር (እርከን ማለት ነው) 1፣ 2 እና 3 የሚባል አለ። ቲር የሚሰጠው በተፈረደበት የወንጀል ዓይነት ነው፤ እንደገና የመፈጸም ዕድሉን ማንም አይለካም። ሜሪላንድ በዚህ ነው የምትሠራው፤ ቲር 1 ለ15 ዓመት፣ ቲር 2 ለ25 ዓመት፣ ቲር 3 ዕድሜ ልክ ይመዘገባል። ስለዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው 3 እና ሲያትል ያለው 3 አንድ ነገር አይደሉም። እህታችሁ ከዚያ ደውላ «እዚህ 3 ማለት እንዲህ ነው» ብትላችሁ፣ እሷም ልክ ናት፤ ግን ስለ ሌላ ነገር ነው የምታወራው።

እዚህ ምን ያህል ዓመት ይመዘገባሉ? እንደ ወንጀሉ ክፍል ነው፤ ኤ ከሁሉ የከበደው፣ ሲ የቀለለው ነው። ክፍል ሲ 10 ዓመት፣ ክፍል ቢ 15 ዓመት፣ ክፍል ኤ ደግሞ ፍርድ ቤት ካላነሳለት በቀር ገደብ የለውም። ቤት የቀየረ በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለበት። ቤት የሌለው በየሳምንቱ በአካል ቀርቦ ሪፖርት ያደርጋል። አለመመዝገብ ራሱ ከባድ ወንጀል ነው። ድረ ገጹ ላይ የምታዩት በአብዛኛው ደረጃ 2 እና 3 ነው። ደረጃ 1 የሆነው ግዴታውን እስካከበረ ድረስ እዚያ አይወጣም። በአቅራቢያው የምትኖሩ ከሆነ ግን ሸሪፉን መጠየቅ ትችላላችሁ።

አድራሻውን በተመለከተ፣ ድረ ገጹ የሚያሳየው የቤቱን ቁጥር አይደለም፤ ብሎኩን ነው። በዚያ ብሎክ ሃያ ቤት ሊኖር ይችላል። ግሩፑ ላይ «ያ አረንጓዴ በር ያለው ቤት ነው» የተባለው ከየት መጣ? የዚያ ቤት ሰው ሌላ ቢሆንስ? በ2005 እዚሁ ግዛት ቤሊንግሃም ከተማ አንድ ሰው የኤፍቢአይ ሠራተኛ ነኝ ብሎ የተመዘገቡ ሰዎች ወደሚኖሩበት ቤት ገባ። ሁለቱን ገደላቸው። መረጃውን ያገኘው ከመዝገቡ ነው። ድረ ገጹን ሰውን ለማስፈራራትና ለማዋከብ መጠቀም ክልክል ነው። እናስወጣው ብሎ የጻፈው ወንድሜ እዚህ ካለ፣ አልቆጣህም። ልጆች አሉህ፤ ደንግጠህ ነው። ግን ቤቱንና ሥራውን ያጣ፣ መንገድ ላይ የወጣ ሰው ለልጆችህ ይበልጥ ያሰጋል እንጂ አያንስም። ፖሊስም ሊያገኘው ይቸገራል።

በአስተርጓሚነት ያየሁትን አንድ ነገር ልጨምር። ወጣት ልጆቻችን በወሲብ ወንጀል ተከስሰው ሲቀርቡ «ጥፋተኛ ነኝ ካልኩ ዛሬ እፈታለሁ» ብለው የሚፈርሙ አሉ። መዝገቡ ላይ ይገቡ እንደሆነ አይጠይቁም። ዜግነት የሌለው ደግሞ ከአገር ሊባረር ይችላል። ከ2010 ጀምሮ ጠበቃ ይህን የመባረር አደጋ ለደንበኛው የመንገር ግዴታ እንዳለበት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወስኗል። የተመዘገበ ሰው ከአገር ሊወጣ ሲል፣ ኢትዮጵያም ቢሆን፣ ከ21 ቀን በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። በሕፃን ላይ በተፈጸመ ወንጀል ከሆነ የተመዘገበው፣ ከ2016ቱ ሕግ ወዲህ ፓስፖርቱ ውስጥ ምልክት ይጻፍበታል። ልጁ የተከሰሰበት ወላጅ ከመፈረሙ በፊት ይህን ሁሉ ጠበቃውን ይጠይቅ።

እስካሁን ያወራሁት ዝርዝሩ ውስጥ ስላሉት ነው። አሁን ስለሌሉት።

የፍትሕ ሚኒስቴር በ2000 ባወጣው ሪፖርት፣ ለፖሊስ በደረሱ ጉዳዮች ከተጠቁት ሕፃናት ውስጥ 93 ከመቶ የሚሆኑት ጥቃት ያደረሰባቸውን ሰው ያውቁታል። 34 ከመቶው የቤተሰብ አባል ነው፤ 59 ከመቶው ሌላ የሚያውቁት ሰው። በ2008 የወጣ የኒው ዮርክ ጥናት ደግሞ የ21 ዓመት መረጃ አየ። በወሲብ ወንጀል ከተያዙት ውስጥ ከ95 ከመቶ በላይ የሚሆኑት ከዚያ በፊት በእንዲህ ያለ ወንጀል ያልተፈረደባቸው ነበሩ። ማለት፣ በዚያች በተያዙባት ቀን በየትኛውም መዝገብ ላይ አይገኙም ነበር።

በሌላ በኩል ከእስር የወጡት ሁሉ ይደግማሉ የሚለውም እውነት አይደለም። በወሲብ ወንጀል ታስረው በ1994 ከ15 ግዛቶች የተፈቱ 9,691 ሰዎችን ለሦስት ዓመት ተከታትለዋቸው፣ በአዲስ የወሲብ ወንጀል የተያዙት 5.3 ከመቶ ናቸው። ይህ የተያዙት ቁጥር ነው። ብዙ ተጎጂዎች ስለማይናገሩ እውነተኛው ከዚህ ይበልጣል። ቢሆንም «መቶ በመቶ ይደግማሉ» ከሚለው የግሩፓችን ወሬ በጣም ይርቃል።

እንግዲህ አስቡት። ያን ሌሊት እስኪነጋ ስለ አንድ የማናውቀው ሰው ጻፍን። ፎቶውን አየን፣ መኪናውን ፈለግን። እሱ ልጆቻችንን በስማቸው አይጠራም። እሁድ ቤታችን አይመጣም። እኛ ሥራ ስንሄድ ልጆቹን ከትምህርት ቤት አያመጣልንም።

ይህን ስል ልቤ እየተጨነቀ ነው። ምክንያቱም የእኛ ኑሮ በመተማመን የቆመ ነው። እዚህ አገር ዘመድ ስለሌለን ጓደኛውን ሁሉ አጎት አድርገናል። ተከራይ ቤት ውስጥ ይገባል፤ ልጅ ይይዝልናል። ይህ ደግነታችን ነው፤ እንዲጠፋ አልፈልግም። ግን ልጅቷ ስታፈገፍግ «ነውር ነው! ሂጂ ጋሼን ሳሚ!» የምንለውን ተዉት። እለምናችኋለሁ። አልስምም ያለች ልጅ በእጇ ትጨብጥ፤ ወይም ከሩቅ ሰላም ትበል። ሰውነቷ የራሷ መሆኑን ከእኛ ካልተማረች ከማን ትማራለች? ሌላ ሰው ያለፈቃዷ ሲነካትስ እንቢ ማለት እንደምትችል በምን ታውቃለች?

ለልጆቻችን የሰውነት ክፍላቸውን በስሙ ንገሯቸው። በአማርኛ ካፈራችሁ በእንግሊዝኛም ይሁን። «እማዬ እንዳትሰማ» የሚል ሰው ካለ ያኔውኑ ለእማዬ መንገር እንዳለባቸው አስተምሩ። ማን ቢሆን። ካህንም ቢሆን፣ አስተማሪም ቢሆን፣ አጎትም ቢሆን።

ልጁ ከነገራችሁ ደግሞ መጀመሪያ የሚወጣው ቃላችሁ «አምኜሃለሁ» ይሁን። «ለምን ሄድክ?» አይሁን። ሽማግሌ አትላኩ። እርቅ እኮ ትልቅ ነገራችን ነው፤ ለድንበርም ለትዳርም ይሠራል። ለዚህ ግን አይሠራም። በሽምግልና ያለቀ ጉዳይ የትም አይመዘገብም። ያ ሰው ነገ የሌላ ሰው ቤት በንጹሕ ስም ይገባል። ዝርዝሩ ላይ ካልገቡት ሰዎች ብዙዎቹ ያልገቡት ማንም ስላልተናገረ ነው።

በዚህ ግዛት አስተማሪ፣ ሐኪም፣ ነርስና የሕፃናት መዋያ ሠራተኛ ከጠረጠሩ በ48 ሰዓት ውስጥ የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው። እኛም መደወል እንችላለን። ማስረጃ አምጡ አይሏችሁም፤ መመርመር የእነሱ ሥራ ነው። የግዛቱ ስልክ 1-866-363-4276 ነው። በኪንግ ካውንቲ ለተጎጂዎችና ለቤተሰብ ሌት ተቀን የሚሠራው ደግሞ 1-888-998-6423 ነው። ልጁ አሁን አደጋ ላይ ከሆነ 911። እንግሊዝኛ ካስቸገራችሁ «አምሃሪክ» በሉና አስተርጓሚ ጠይቁ።

ሁለቱን ቁጥሮች በአማርኛ፣ በትግርኛና በኦሮምኛ ጽፈን በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠናል። አንዱን ለራሳችሁ ውሰዱ፤ አንዱን ደግሞ ዛሬ ላልመጣ ሰው ያዙለት። ሻይ እየተቀዳ ነው። በሰው ፊት መጠየቅ የከበደው ካለ፣ ሁሉም እስኪወጣ ድረስ እዚሁ ነኝ።